ከሐረጎ እርከን የዘለልኩባት ብስክሌት

ለወንድምዓለሜ ሰይድ፣
አሰብ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድምዓለም፣ ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀት ትንሽ እንኳ አልበረደም ወይ? ያ የብየዳው ብርሃን ያሳመመው ዓይንህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ረሂማስ፣ ትንሿ ልጅህ ሐዋስ ደህና ናቸው? እናታችን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፤ የደሴ ብርድ ገብቷልና ጉልበቷን እያሸች ስምህን ትጠራለች። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ አላህ ይታዘበኛል። ፈርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ሳልልክ በሾፌሩ በአብዱልወሀብ እጅ የምሰደውም ስለፈራሁ ነው። አንብበህ አቃጥለው።

ነገሩ የመሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ዓርብ ደብዳቤ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የምወርድባት፣ ስመለስ ጭነት መኪና ላይ የማስጭናት ጥቁር የቻይና ብስክሌት። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ አሰልችቶኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት ከየት አባቴ ላምጣ። ገበሬዎቹ በስንዴ ክፍያ የሠሩትን እርከን አየሁና፣ መንገዱን ትቼ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለልኩ መውረድ ጀመርኩ። አንዳንዱ እስከ ወገብ ይደርሳል። እርከን የሚሠሩት ሰዎች ዶማቸውን ጥለው "መጣ ያ ጂኒ" ይላሉ፣ እኔም ልቤ ያብጣል። ለዐረፋ መጥተህ ሳለ ይህን ባጫውትህ፣ ብስክሌት ፍየል አይደለችም፣ ብረት ባይጮህም ይቆጥራል አልከኝ። ሳቅሁብህ።

ባለፈው ወር ሳጸዳት፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ አንገት ላይ ጸጉር የምታህል መስመር አየሁ። ጭረት መስላኝ በጥፍሬ ብሄድባት ጥፍሬን ያዘችኝ። ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረብኝ። ግን አምና ትራክተር አበላሸ የተባለው ሰው ትዝ አለኝ። አሻጥረኛ ተብሎ ከተወሰደ ወዲህ ወሬው የለም፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ያላንኳኳችው በር የለም። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለህ? ጥላሸት በሰም ለውሼ ስንጥቁን ደፈንኩት፣ ቀለምም ቀባሁበት። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን በእግሬ እየገፋኋት እወርድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ እኔን ዕቃ ግምጃ ቤት መደቡኝና ብስክሌቷን ለይርጋ ሰጡት። ርክክቡ ላይ "በሙሉ ጤንነት" ብዬ ፈረምኩ። እሱም በሺር ካለ ብሎ ሳያያት ፈረመ።

ይርጋን አታውቀውም። አርባ ያለፈው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ሐረጎን እንደ ነብር የሚፈራ ሰው ነው። ክርስቲያን ነው፤ ግን እንደ አገራችን ሰው ሁሉ፣ ቁልቁለቱን ሊወርድ ሲል ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ይመጣና እስቲ በሺር ዱዓ አድርግልኝ ይለኛል። ቆቡን አውልቆ እጁን ይዘረጋል። እኔ አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቅህ፣ በሰላም ግባ እላለሁ፣ እሱ አሚን ይላል። ስድስት ጊዜ አደረግሁለት፣ ወንድሜ። ስድስቱንም ቀን እሱ እስኪመለስ ድረስ መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

ነገ ዓርብ ነው። አንተ የብረት ሰው ነህና ቁርጡን ንገረኝ። የሰነጠቃት እውነት የእኔ መዝለል ነው ወይስ ድሮም ነበረባት? ቀስ ብለው ቢነዷት ስንጥቁ ባለበት ይቆማል? መልስህ እስኪደርሰኝ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ አጥቼው አይደለም። ምንም አትሆንም እንድትለኝ ብቻ ነው የፈለግሁት።

ቅዳሜ ነው፤ ከላይ ያለውን ሳልልከው ነገሩ ተለወጠ። ጽሑፌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነውና አትደንግጥ።

ትናንት ጠዋት ይርጋ እንደ ልማዱ መጣ። ከረጢቱን አንግቷል፣ ሚስቱ ባይነሽ የቋጠረችለትን ቆሎ ኪሱ ከቷል። ቆቡን አውልቆ እጁን ዘረጋ። እኔም እጄን አነሳሁ፤ ከቢስሚላህ በኋላ ምላሴ ታሰረ። እሱ አሚን ሊል ይጠብቀኛል። ብናገር ፊርማዬ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ዝም ብል ሰውየው መሄዱ ነው። እስቲ ፍሬኗን ልይልህ ብዬ ብስክሌቷን ተቀበልኩትና ወጣሁባት። የቆምንበት የጭነት ማራገፊያ መድረክ ከመሬት እስከ ወገብ ከፍ ይላል። መሰበሯ ካልቀረ እዚሁ ትሰበር ብዬ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነድቼ ከዚያ ላይ ዘለልኩ።

ለጥያቄዬ ካንተ መልስ አልጠብቅም፣ አግኝቼዋለሁ። ሹካዋ እንደ ደረቅ አገዳ ተቆረጠች። ሁለት ጥርሴ ወልቋል፣ ቀኝ እጄንም ወጌሻ አስሮልኛል። ሐረጎ ላይ ቢሆን ኖሮ ይርጋን ከገደል ነበር የምንለቅመው።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መጥቶ በመንግሥት ንብረት ለምን እንደተጫወትኩ ሰኞ ስብሰባ ላይ እንዳስረዳ አዘዘኝ። ፊቱ አያምርም። ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ሰዉ እኔን ሲያነሳ ይርጋ የተቆረጠውን ሹካ አንስቶ ያይ ነበር። ስብራቱ ግማሹ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ግማሹ ዝጎ በሰም ጠቁሯል። በጣቱ ነካ አደረገው፣ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሹካውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ወደ ኮምቦልቻ በእግሩ ወረደ።

ዛሬ ጠዋት ቤት ድረስ መጣ። እናታችን ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ። ስንት ጊዜ ነው እያወቅህ ዱዓ ያደረግህልኝ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ስድስት አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ሰኞ ምስክሩ እሱ ነው፣ ሹካውም እሱ ዘንድ ነው። አውጥቶ ቢያሳያቸው አልቀየመውም፤ ግን ፈራሁ ወንድሜ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ከሰኞ በኋላ ደብዳቤዬ ከቀረብህ እናታችንን መጥተህ ውሰዳት። አዳልጦት ወደቀ ብላ ነው የምታውቀው፣ አንተም እንዲሁ በልልኝ።

ረሂማን በጣም አድርገህ ሰላም በልልኝ። ሐዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ የገዛሁላትን ኮረጆ አብዱልወሀብ ይዞላታል። እናታችን ዓይንህን አደራ ትልሃለች። ዱዓውን አንተ አድርግልኝ፤ እኔ ከትናንት ወዲህ እጄን መዘርጋት አፍሬአለሁ። ለይርጋም ጨምርለት። እስከ ዛሬ ከእኔ የሰማው ዱዓ አልነበረም።

ታናሽ ወንድምህ በሺር
ደሴ፣ ኅዳር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.