ሰይድ ሁልጊዜ ለምን ተሸነፈ

ማክሰኞ

ዛሬም ሰይድ ተሸነፈ። ከወልድያ በሚኒባስ መጥቶ፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ተሸነፈ። ሰው በጥሎሽ ይጣላል፤ ታናሽ እህቴ ሐያትና እጮኛዋ ግን የሚጣሉት ፋይል ከዲስክ ላይ እንዴት ይነበብ በሚል ነው። በምሠራበት መጽሔት ላይ ብጽፈው አንባቢዎቼ ፈጠርሽው ይሉኛል።

የሰይድ አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ካሴት ቤት ነበራቸው። ሐያትና ሰይድ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው አንድ ትልቅ ፋይል አድርገዋቸዋል። አሁን ለሰርግ ቤት ዘፈን ፈልጎ የሚያጫውት ፕሮግራም እየሠሩ ነው። ሐያት "ፋይሉን ማፕ እናድርገው" ትላለች። ፕሮግራሙ ፋይሉ በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የውስጥ አስተዳዳሪ፣ የተነካውን ቁራጭ፣ ገጽ የሚሉትን፣ ብቻ ከዲስክ ያመጣለታል። ሰይድ ደግሞ "እየጠየቅን እናንብብ፣ ከርነሉ እየገለበጠ ይስጠን" ባይ ነው። መገልበጡ ጊዜ ይበላል፤ መቼ እንደሚጠበቅ ግን ይታወቃል። በማፑ መገልበጥ የለም፤ ጥበቃው ግን በፈለገው ሰዓት ድንገት ይመጣል።

እኔ የገባኝ በከተማችን በመርሳ ማንጎ ነው። የሐያት ሻጭ ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ አለ ብሎ ይቀመጥና፣ ደንበኛ እዚያ የሌለ ማንጎ ሲጠይቀው ወደ መጋዘን ይሮጣል። የሰይድ ሻጭ በጋሪ አስጭኖ እያራገፈ ይሸጣል። የትኛው ይሻላል? እኔ ማንጎውን ስበላ እንቅልፌ መጣ።

ረቡዕ

ያው ነው። የኮምፒውተሩ ባትሪ ስለሞተ ከሶኬት ሲነቀል ይጠፋል፤ ሰይድ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ እንከፍተዋለን። ሐያት እንደ ልማዷ "እንግዳ ይቅደም" ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት። የእሱ ዘዴ ዘፈኑን እስኪያወጣ ተንቀራፈፈ። ቀጥላ የራሷን አስነሳች፤ በረረ።

"አየህ!" አለች።

ሰይድ ሲወጣ በሩ ላይ "እህቴ፣ በአባቴ ዘፈን እንኳ አንድ ቀን ልክ ነህ አላለችኝም። ኒካሁ ትንሽ ይቆይ መሰለኝ" አለኝ።

ያረቢ! ኒካሁ እኮ የሚመጣው ሳምንት ነው። የውርጌሳ ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ሐያት ነገሩን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ወጥ አማሰለች፤ ከዚያ የሚማሰል ወጥ እንደሌለ አየሁ።

ሐሙስ

አልመጣም።

ከሰዓት ሙቀቱ ቤቱን ሞላው። የመንገዱ ከባድ መኪኖች ድምፅ ከሩቅ እንደ ወንዝ ይሰማል። ሐያት በራሷ ዘዴ ከካሴቶቹ አንድ ትዝታ ከፈተች። እኔ ተኝቻለሁም፣ አልተኛሁምም። መጋረጃው ይነፍሳል፣ ዘፋኟ አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል። ድንገት ድምፅዋ ተቋረጠ። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ቀጠለች።

"ምን ሆነች?"

"ያልመጣ ገጽ ነክቼ ነው፤ ከርነሉ ከዲስክ እስኪያመጣ ፕሮግራሙ ቆመ" አለች ሐያት። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነበር።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ አክስቴ ጦይባ ሰይድን እጁን ይዘው አስገቡት። እንዴት እንዳገኙት አልጠየቅኩም፤ ከእሳቸው ያመለጠ የለም።

"ኑ፣ እኔ ፊት ተወዳደሩ" አሉ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ሐያት እንደ ልማዷ ወንበር ልትለቅ ስትል፣

"ቁጭ በይ! ገና ባልሽ ሳይሆን ሁልጊዜ እሱን ማስቀደም ምንድን ነው? ዛሬ ሙሽራ ትቅደም።"

"አንቱ ደሞ፣ እንግዳ አይደል እንዴ?"

"ይህን ሁሉ ምሳችንን የበላ እንግዳ የለም።"

ሐያት ቀደመች። የእሷ ተንቀራፈፈ! ሰይድ ቀጠለ፤ በረረ። አክስቴ አጨበጨቡ። ሰይድ ግን አልሳቀም፣ ሐያትን ያያል። እሷ ስክሪኑን አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

"ሰይድ፣ አሸንፌህ አላውቅም" አለች። "የሚቀድመው ፋይሉን ከዲስክ ይጎትታል። ከርነሉ ያንን ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል፤ ተከታዩ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። አንተ ያሞቅከውን ነው ስበላ የከረምኩት።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን በጨዋነት ገደልሽኝ?"

ሳቁ። አልሐምዱሊላህ ልል ስል ሰይድ ፊቱን ያዘ። ለካ ትናንት ለአጎቱ ደውሎ የሰርጉን ድንኳን ይመልሱልኝ ብሏል።

ቅዳሜ

ሜሞሪው ባዶ እንዲሆን በእያንዳንዱ ሙከራ መሃል ኮምፒውተሩን እየዘጉ ደገሙት። ዘፈን ለመፈለግ፣ በዘፈኖቹ ማውጫ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ለመዝለል የሐያት ማፕ ይሻላል። ዘፈኑን ከጫፍ ጫፍ ለማጫወት፣ በዚህች ሜሞሪዋ ጠባብ በሆነች ኮምፒውተር፣ ቀደም ቀደም እያሉ ማንበቡ፣ የሰይድ መንገድ፣ ይሻላል። ሁለቱንም አስገቡ። ያቺ ዘፋኝ ዛሬ ትንፋሿን አልያዘችም።

የድንኳኑ ነገር አልታወቀም። አጎቱ ስልክ አያነሱም። ሐያት "ማንጎ ዛፍ ሥር እንጋባለን" አለች፤ አክስቴ "አፍሽን ያዢ" አሏት።

አሁን ሰይድ ሊሄድ ተነስቷል፣ እሷ ልትሸኘው። በሩ ጠባብ ነው።

"ቅደም።"

"ኧረ ዛሬስ አንቺ ቅደሚ።"

ይህን ስጽፍ ገና በሩ ላይ ናቸው።