እያወቅሁ ያጠፋኋት መስመር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመምህር ህሩይ፤ አርባ ምንጭ።

አያ ህሩይ፣ እንደምን ሰነበትህልኝ? ያ ጉልበትህን የሚይዝህ ቁርጥማት ተወህ ወይስ የአገሩ ሙቀት አባሰብህ? ሸዋአየሁስ እንዴት ናት? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ይዘዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። እናታችን ከእኔ ጋር አራዳ ናት፤ ኮላ ድባ ያለው ጤፋችንም ታጭዶ ተከምሯል። እኔ ግን ከሰውነቴ በቀር ሌላው ደህና አይደለም። ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅህን ስሰማ "ደህና ነኝ" እያልሁ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍሁት፤ ጎረቤታችን ሹፌሩ መዝሙር ያደርስልኛል።

ከቢሮ ሥራዬ ሌላ ሦስት ዓመት ስለደከምሁበት ነገር ታውቃለህ። ኮምፒውተር ውስጥ ከፕሮግራሞች ሁሉ በታች ሆኖ ማሽኑን የሚያስተዳድር ከርነል የሚባል አለ፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው ነው የሚጽፉት። ከርነሉ የማሽኑን ሜሞሪ፣ ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጽፉበትን ቦታ፣ በገጽ በገጽ ከፋፍሎ ለፕሮግራሞች ያድላል፣ ሲጨርሱም መልሶ ይቀበላል። ይህን የሚሠራው ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለጣጠፍ የኖረ ነው። አንዱ ሥራ ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት መንገድ ተጽፏል፤ አንዱ ሲታረም ሁለቱ ይረሳሉ። እኔ ሦስቱን አንድ ላደርግ ተነሣሁ፤ አንድ ሺህ መቶ መስመር የነበረውን ሦስት መቶ አደረስሁት። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት እንኳ በወረቀት ላይ እሠራ ነበር።

ከቀሩት መስመሮች አንዷ ግን ትርፍ ትመስል ነበር። ገጹ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት የያዘው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የለም ከተባለም በኋላ፣ ማንም እንዳይገባ ተቆልፎ፣ እንደገና ይጠየቃል፤ ያቺ መስመር ይህች ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሌላ ፕሮግራም ገብቶ ሊይዘው ይችላልና። አውድማው ባዶ ነው ብለህ ለጎረቤት ፈቅደህ ዞር ስትል፣ ሌላው ነዶውን ዘርግቶበት እንደማግኘት ነው። ይህ ሲሆን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሜሞሪው ትንሽ በሆነው በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ፣ በሺህ ጊዜ አንዴ።

የዚያ ክፍል ኃላፊ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ከርነል የጻፉ ሽማግሌ ናቸው። ሥራዬን መስመር በመስመር አይተው አመሰገኑኝና "ይህ ከላይ ተጠይቆ የለም? ድጋሚው ለምን አስፈለገ?" ብለው ጻፉ። ያን ቀን ደወልሁልህ፣ ትዝ ይልሃል? ተሳስተዋል ልበላቸው ወይ ስልህ፣ "ምነው፣ አንቺ ማን ነሽና? ትልቅ ሰው አይታረምም፤ እሺ በይ" አልኸኝ። ባትለኝም እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር። አባታችን ሲናገር ቀና ብለን ሳናይ ያደግን ነን። መስመሯን አጠፋሁና "ልክ ነዎት" ብዬ ላክሁ። ጥያቄያቸው ትእዛዝ መሰለኝ።

ሥራዬ ከርነሉ ውስጥ ገባ፣ ስሜም ተጻፈ። አምስት ወር ደስ ብሎኝ ኖርሁ። በጥቅምት መጀመሪያ ከሩቅ አገር አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጻፈች፤ የአንዱ መጽሐፍ መዝገብ በሌላው ውስጥ እየተቀላቀለ የአራት ወር ድካሟ ተበላሽቶባታል። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሁለት ሳምንት ተፈልጎ፣ ሁሉም እዚያች መስመሯ የጠፋችበት ቦታ ላይ ደረሱ። ሥራዬ ከነጭራሹ ወጣ፤ ያ የተለጣጠፈው አሮጌው ተመለሰ። ሦስት ዓመቴ እንዳልነበረ ሆነ። አሁን ምግቡም አይጣፍጠኝ፣ ላፕቶፑን መክፈትም ያስጠላኛል። የእኔስ ይሁን፤ የዚያች ሴት አራት ወር በምን ይመለሳል?

ሽማግሌው በሁሉም ፊት "ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ መስመሯን አጥፊ ያልኋት እኔ ነኝ" ብለው ጻፉ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። እሳቸው አያውቁም ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እውነቱን ጻፍሁላቸው፤ እያወቅሁ ነው፣ ትልቅ ሰው አይታረምም ብዬ ነው አልሁ። ቢሰድቡኝ በወደድሁ። የመጣልኝ መልስ ግን "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? የጠየቅሁሽ እኮ ስለማላውቅ ነው" የሚል ብቻ ነበር። አያ ህሩይ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜዬ ትልቅ ሰው ለምን ዝም አልሽ ብሎኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ አልመለስሁላቸውም።

አልወቀስሁህም ብል እዋሻለሁ፤ ትንሽ ወቅሼሃለሁ። ያሳደግኸኝ ግን አንተ ነህ፤ ሌላ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም።

እናታችን ከጉልበትህ እስከ ግንባርህ እየሳመች ለገና ና ትልሃለች። ሸዋአየሁን በጣም ናፍቀሽኛል በልልኝ፤ የላከችው ነጠላ ደርሶናል። ባምላክን ጎበዝ በልልኝ። ዳግማዊትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ባለፈው ክረምት እዚህ ሳላችሁ የበዓሉን ቀን ተሳስተህ ስትናገር አረመችህ፤ ተቆጣሃት፣ አንገቷን ደፋች። ልክ እንደነበረች አውቅ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልሁ። አደራህን፣ ዳግመኛ ስታርምህ አዳምጣት።

ታናሽ እህትህ ፋሲካ
ጎንደር፣ አራዳ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.