አምስት ሳምንት የከረመው ኮክ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ይቺ ፖስት ካርድ ትንሽ ስለሆነች ዛሬ ጠዋት የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

ልጎበኝ የመጣሁበት የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ፣ በአንድ ቀን ተለቅሞ አምስት ሳምንት የቆየ ሁለት ሣጥን ኮክ ከፈቱልኝ። ከመጀመሪያው ሣጥን አንዱን ስጫነው ጣቴ ሰመጠ። የሁለተኛው ግን ገና ከዛፉ የወረደ ይመስላል። ገመጥኩት፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ።

«ይኸኛው ፍሬው እንጭጭ ሳለ ጀምሮ ካልሲየም በውሃ በጥብጠን ቅጠሉና ፍሬው ላይ ስንረጭለት የከረመ ነው» አሉኝ። «ልኩን ካለፍክ ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል።»

የእኔ ሐሳብ አባባ ጋ ሄዷል። አንቺ ከአዳሪ ትምህርት ቤት እስክትመጪ ብሎ የጓሯችንን ኮክ አልጋው ሥር ጭድ ላይ ደርድሮ፣ በየማለዳው ተንበርክኮ ሲያገላብጠው ታየኝ። ስትደርሺ ግማሹ በስብሶ ይጠብቅሽ ነበር። የጠቆረውን በቢላ እየገፈፍሽ «አባባ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም!» ስትዪው፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር።

ሽማግሌው እንባዬን አይተው «ብርዱ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ብርዱ ነው» አልኩ።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። አባባ ዓይኑ ስለደከመ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። «ያረጁትን የኮክ ዛፎች ለማገዶ ቁረጧቸው» ያለውን ይተወው፤ «ልጅህ የካልሲየም መርጫ በጀርባው አዝሎ፣ ዛፎቹ ሳያብቡ ይደርሳል» በይው።

ታናሽሽ