ለአንድ ከሰዓት ስላዋሱኝ ልጅ

ለክቡር አቶ ቭላስቲሚል ሆራቼክ፣
የከሰል ማዕድንና የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት
ፕራግ

ክቡርነትዎ፤

ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎና ከካሜራዎችዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ባለቤቴ ያሮሚር ካረፈ ወዲህ በትሬቢች ከተማ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ጣቢያዎ «ማንም ብቻውን አይደለም» ብሎ ባቀረበው የገና ዝግጅት ላይ ለገና ማዕድ ከቀረበው ዓሣ አጠገብ የተቀመጠችውን አሮጊት አይተው እንደሆነ፣ እርሷ እኔ ነኝ። ስለተደረገልኝ ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሠራተኞችዎ በኅዳር ወር በጠራራ ፀሐይ መጥተው፣ መጋረጃዬን ዘግተው ቀኑን ማታ አደረጉት፤ መስኮቴም ላይ በረዶ ረጩበት። ይህን የመሰለ ሥልጣን ከፈጣሪ ሌላ ለክቡርነትዎም መሰጠቱን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፪. አዘጋጇ ቤቴን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ብቸኝነቴ ለተመልካች እንደሚከብድ ነገረችኝና አንድ ወንድ ልጅ አመጣችልኝ። ሰውየው ተዋናይ ነው። የያሮሚርን የቤት ጫማ አጥልቆ፣ የድንች ሰላጣዬን በልቶ፣ እጄን ያዘና «እማዬ፣ ደክሞሻል፤ ሳህኑን እኔ አጥባለሁ» አለኝ። እንዲህ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበርና እንባዬ መጣ። አዘጋጇ ደስ ብሏት እንዲደግመው አዘዘችው። ደገመው፤ እኔም ደግሜ አለቀስኩ። ከዚያ መብራቱን ነቅለው፣ ዓሣውንም ይዘው ሄዱ። ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

፫. የወለድኩት ልጄ ራዴክ ብርኖ ከተማ ይኖራል። ከአባቱ ቀብር በኋላ በቤቱ ጉዳይ ተቀያይመን ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዝግጅቱ፣ ከበዓሉ ቀደም ብሎ፣ በተላለፈ ማግስት ደወለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ለገና ልመጣ የባቡር ቲኬት ቆርጬ ነበር» አለኝ። «አንቺ ግን ሰው አግኝተሻል።»

ሰውየው ተቀጥሮ የመጣ፣ ለእኔ ምኔም ያልሆነ መሆኑን ማልኩለት።

«በዓይኔ አይቼሻለሁ እኮ፣ እማዬ። ለእኔ እንደዚያ አልቅሰሽ አታውቂም» አለና ዘጋው።

ያ ሰው ልጄ አለመሆኑን በአንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩልኝ ወደ ጣቢያዎ ደወልኩ። አንድ ጨዋ ወጣት፣ እንዲህ ያለው ማስተካከያ ተመልካቹን እንደሚያሳዝን አስረዳኝ። ሕዝቡ እንዳያዝን ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በገና ዋዜማ፣ እንደ ልማዳችን፣ ላልታሰበ እንግዳ አንድ ሳህን ጨምሬ አቀረብኩ፤ በማግስቱም ንጹሑን ሳህን ወደ ቁምሳጥኑ መለስኩት።

ማዕድንዎ አይንጠፍ፣ መስኮትዎ አይጨልም እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ድራሆሚራ ቫሽኮቫ
ለአንድ ከሰዓት የሁለት ልጆች እናት የነበረች

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ጸሐፊዎ ደውላ፣ ለፋሲካ ዝግጅት ሁለት የልጅ ልጆች ሊያመጡልኝ እንዳሰቡ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ለክቡርነትዎ መንገሩ ያሳፍረኛል፤ እሺ ብያታለሁ።