ለነብር የሚሆን ጠመንጃ

ውድ ወንድሜ እንዳልካቸው፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ ያለዚያ ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር አይምሰልህ። በሚኒባስ ሹፌሩ በአስናቀው እጅ የላክኸው ወረቀት ትናንት ደርሶኛል። ባሌ ባምላክ ከሞተ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ፣ ለሙት ዓመቱ እንኳ ሳትመጣ፣ ዛሬ «እታለም፣ ለነብር የትኛው ጠመንጃ ይሻላል? ክላሼን ይዤ ልምጣ ወይስ የአባባን ምንሽር ታውሽኛለሽ?» ብለህ ትጽፋለህ። ዓይን አውጣ! ግን እኔም የአዳኝ ልጅ ነኝና ስለ ጠመንጃ ተጠይቄ ዝም አልልም።

ለምን እንደጨነቀህ አውቃለሁ። ዘንድሮ ወደ መንደራችን የመጣው አዲስ ነብር ሦስት ጥጃ ከበላ በኋላ ጎረቤቴን ሥርጉትን ውሃ ስትቀዳ ትከሻዋን ዘነጠላት። ወረዳው ይገደል ብሎ ፈቀደ። ሽማግሌዎቹም «ጎንደር ያለው ነብር ገዳይ ይጠራ» አሉና ፈቃዱ በስምህ ተጻፈ። ጎንደር ቁስቋም ባለው ሳሎንህ ውስጥ ከፊተኛው ነብር ሬሳ ጋር የተነሣኸውን ፎቶ አስተልቀህ የሰቀልህ፣ ፌስቡክ ላይ የፎከርህ አንተ ነህ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አሁን ፈርተሃል፤ ከእጅ ጽሑፍህ ያስታውቃል።

ከሁለት ዓመት በፊት ያን ፊተኛውን ነብር ልታድኑ የወጣችሁ ዕለት ጠዋት ደጃፌ ላይ የተባለውን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ባምላክ የአባባን ምንሽር በዘይት ጨርቅ ይወለውላል፤ አንተ ክላሽህን ጭንህ ላይ አጋድመህ ትስቅበታለህ።

«አያ ባምላክ፣ ይኼ አሮጌ ብረት የሚጎርሰው አምስት ነው። የኔ ሠላሳ! ምነው በከንቱ ትደክማለህ?»

«ሠላሳው ለነብር ምኑ ነው?» አለህ ቀና ሳይል። «ያንተ ጥይት ትንሽ ነው፤ በሥጋው አልፎ ይሄድና አውሬውን አናዶ ይተወዋል። ይኼኛው ያገኘውን አጥንት ይሰብራል። ደሞ ጥይት ምንም ቢወፍር ጭን ላይ ካረፈ ያው ጭን ነው። ሸጋው ነገር መጠበቅ ነው። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው እኔ እተኩሳለሁ። አንተ ካልወደቀ ብቻ ተኩስ።»

«እሺ» አልህ። በሩ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ።

በእኛ አገር ደንብ ግዳዩ የሚቆጠረው የመጀመሪያውን ደም ላፈሰሰ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢጨርሰውም ስሙ የሚነሣው የእሱ ነው። አንተም ይህን ታውቃለህ። ስለዚህ ነብሩ ከገደሉ ብቅ ሲል፣ ገና ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው፣ ያን ሁሉ ጥይት አርከፈከፍኸው። ብዙ አሰብሁበት፣ እንዳልካቸው። ክላሹን የመረጥኸው ነብሩን ለመጣል አልነበረም፤ ባምላክን ለመቅደም ነበር።

አንዷ ብቻ ጭኑን አገኘችው። እያነከሰ ጥሻ ውስጥ ገባ። ያቆሰለ ይከተላል፤ ይህም የአገሩ ደንብ ነው። አንተ ግን ድንገት እግርህ ወለም አለህ። ከዚያ ጥሻ ሥር ሴቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበት መንገድ ነበረ። ባምላክ «የቆሰለ አውሬ ሰው መንገድ ላይ ጥለን አንሄድም» ብሎ ብቻውን ገባ። እኔም ተከትያችሁ ወጥቼ ነበርና ከዳገቱ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ረጅሙ አፈሙዝ ሐረግ ያዘበት፤ እያላቀቀው ሳለ ነብሩ ዘለለ። አንድ ጊዜ ተኮሰ፣ ደረቱን አገኘው፣ ተያይዘው ወደቁ። ነብሩ እዚያው ሞተ። ባሌ በሦስተኛው ቀን።

አንተስ ምን አደረግህ? ለቀስተኛው ሳይበተን ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተህ «ነብሩን ያቆሰልሁት እኔ ነኝ፤ ባምላክ ደንግጦ ነው የተያዘው» አልህ። ደንግጦ! ሽማግሌዎቹ በደንቡ ፈረዱልህ፤ ግዳዩ ያንተ ሆነ። ባሌም እስከ ዛሬ በዚህ አገር የደነገጠ ሰው እየተባለ ይወራል። እኔም ያየሁትን አልተናገርሁም፤ የእናቴን ልጅ በሰው ፊት ላዋርድ አልቻልሁም። ያ ዝምታዬ ከሞቱ ይልቅ ያቃጥለኛል። እጠላሃለሁ። በአፌ ብዬው አላውቅም፤ ይኸው ጻፍሁት።

አሁን መልሴን ስማ። ክላሽህን እዚያው ተወው። የአባባን ምንሽር አውስሃለሁ። ጠመንጃ በሚኒባስ አይላክምና ራስህ ቅዳሜ ጠዋት ና። ወልውዬዋለሁ፣ ቃታውም ደህና ነው። ጥይት ግን አንድ ብቻ ነው የምሰጥህ። ሠላሳ የያዘ ሰው ይቸኩላል፤ አንድ የያዘ ሰው ግን እስኪቀርብለት ይጠብቃል፣ የት እንደሚመታም ያስባል።

ነብሩ ሲወድቅም ምንሽሩን እንደያዝህ በአገሬው ፊት ትቆምና ባምላክ እንዳልደነገጠ ትናገራለህ። ከዚያ ወዲያ ካንተ የምፈልገው ነገር የለም፤ ወደ ቁስቋምህ ተመለስ፣ ፎቶህንም እንደፈለግህ ተነሣ።

«ብስተውስ?» እንደምትል አውቃለሁ። ጥሻው አፍ ላይ ስታደባ ከኋላህ ሦስት እርምጃ ርቄ ባዶ እጄን እቆማለሁ። ሽማግሌዎቹ ሊከለክሉኝ ሞክረዋል፤ አልሰማኋቸውም። ቸኩለህ ብታቆስለው አንተ መሮጥ ታውቃለህ። እኔ ግን አልሮጥም።

የባምላክ ሚስት፣ ያንተም እኅት፣
የትነበርሽ ቢያዝን