ጎመኑ የበቀለበት አፈር

ለወንድሜ ለአስረስ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እንዳለን አለን።

የለቡውን የአባባን ቤት ሊገዛ ያለው ሰውዬ ትናንት አፈር መርማሪዎች ላከ። አባባ እዚያ የመኪና ባትሪ ይጠግን እንደነበር እንዳልናገር በስልክ አስጠንተኸኝ የለ? እንዳልከኝ፣ ጓሮ ብቻ ነበር አልኳቸው። አንደኛው መርማሪ አላመነኝም። አባባ የባትሪውን አሲድ ከነእርሳሱ ይደፋበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ጎመኔ መሃል ቆፈረ። አፈሩን በጓንት ዘግኖ ብልቃጥ ውስጥ እየጨመረ፣ «ይህን ጎመን ማን ይበላዋል?» አለኝ። «ማንም አይበላውም» አልኩት። ያንተ ውሸት አልበቃ ብሎ የራሴን ጨመርኩበት።

ያን ጎመን እየበላች ያደገችው ልጄ ሄርሜላ ዘንድሮም ክፍል ደገመች። ሆዷን ያማታል፤ ያጠናችው ፊደል ይጠፋባታል። አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ትላለች።

የምርመራው ውጤት ባንተ ኢሜይል ነው የሚመጣው አሉኝ። ሽያጩ ቢፈርስ ግድ የለኝም፤ አንዲት መስመር ሳትደብቅ ላክልኝ።

ሰላም ሁን የምልህ እማዬ አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው።

እህትህ ፀሐይወርቅ