«እንዲህ አላልኩም» ማለትን ያስተማሩን መምህርት ሽታዬ ምንይችል

መምህርት ሽታዬ ከአባታቸው ከአቶ ምንይችል ይኸነው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ያለምወርቅ ገብረ ማርያም በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወለዱ። በቤታቸው የሚወራው አዊኛ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ አማርኛ ስለማይችሉ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ እየገለበጡ አለፉ። አንደኛ ወጡ፤ የጻፉት ምን እንደሚል ግን አያውቁም። ይሄ ነገር እስኪሞቱ ያናድዳቸው ነበር።

እንጅባራ ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1980 ዓ.ም. ዳንግላ አጠገብ ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ጋሪ የሚነዱትን አቶ አዝመራውን አግብተው ሶስናንና እንዳልካቸውን ወለዱ። ጋሼ አዝመራው ሁሌ ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሷቸው ነበር። «ፈረሴን ለመንግሥት ሥራ አስቀጠረችብኝ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

እትዬ ሽታዬ ሦስተኛ ክፍል ሲያስተምሩ ድርሰት አያስገለብጡም። ልጆቹን ሁለት ሁለት ያስቀምጣሉ። አንዱ በፈለገው ቋንቋ ያወራል፣ ሌላው በአማርኛ ይጽፍና ያነብለታል። ያወራው ልጅ «እንዲህ አላልኩም» ካለ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል። ይህን የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ ናርዶስም እሳቸው ጋ ነው የተማረችው። አንድ ቀን የእነናርዶስ ላም ጭቃ ውስጥ መስጠሟን ስታወራ፣ ይሄነው የሚባል ልጅ «ላም ጠቃሚ የቤት እንስሳ ናት» ብሎ ጻፈላት።

«እንዲህ አላልኩም። ላማችን አለቀሰች ነው ያልኩት።»

«ላም ታለቅሳለች እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

እትዬ ሽታዬ «አንተ አይተሃታል? ያየቻት እሷ ናት። ጻፍ» አሉት።

በ2014 ዓ.ም. እንግዶች ሊጎበኙ ነው ተባለና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደብተሮቹን አገላበጡ። ስርዝ ድልዝ ሞልቶታል። አንድ የተዘጋጀ ድርሰት ሰጥተው «ሁሉም ይሄን ይገልብጥ፤ ንጹሕ ደብተር ነው የምናሳየው» አሉ። እትዬ ሽታዬ «እኔ የገለበጥኩት ይበቃል» ብለው እምቢ አሉ። ወዲያው ከክፍል አስወጧቸውና የዕቃ ቤት ቁልፍ ሰጧቸው። መምህር እኮ ናቸው። ሥራቸው ለሌላ አስተማሪ ጠመኔ ማውጣት ሆነ። ጡረታ ሳልወጣ ልጆቼን መልሱልኝ እያሉ ለመኑ። «እናያለን» ተባሉ። ማንም አላየም። አብረዋቸው የሚያስተምሩትም እያወቁ ዝም አሉ። እዚህ ቆማችሁ የምታለቅሱም አላችሁ።

ከዚያ ኩላሊታቸውን ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነውም «ትምህርት ሲከፈት ይመልሱኛል» ይሉ ነበር። ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት እኚሁ ኃላፊ ለቅሶ መጥተው ለናርዶስ የተዘጋጀ የሕይወት ታሪክ ሰጧት። «በተመደቡበት ሁሉ በደስታ ያገለገሉ» ይላል። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ይሄን ገልብጪው» አሏት። አልገለበጠችም። ጋሼ አዝመራው እንዲያወሩላት አድርጋ ጻፈችና አነበበችላቸው። ፈርታ «ከክፍል ወደ ዕቃ ቤት ተዛወሩ» ብላ ነበር።

ጋሼ አዝመራው ቀና አሉ። «እንዲህ አላልኩም። አስወጧት ነው ያልኩት።»

ተሰርዞ ተጻፈ። ማተሚያ ቤቱ ስርዙን አጠፋው እንጂ ይሄ ወረቀት ንጹሕ አልነበረም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውና በየሰፈሩ ያሉት የሦስተኛ ክፍል ልጆቻቸው ሐዘን ላይ ነን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እዚያ እንኳ ክፍላቸውን ማንም አይንካባቸው። አሜን።